ሁለት ዶሮ ዛሬ ስንት ነው?

እናቴ ማንበብና መጻፍ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ዘመቻው ሲጀመር፣ ጉለሌ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ከጠላ ሻጮችና ከልብስ አጣቢዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። መንግሥት ጋዜጣና መመሪያ እንድታነብለት አስቦ ይሆናል። እሷ ግን የምስክር ወረቀቷን በተቀበለች ማግስት ከእኔ ደብተሮች አንዱን ባለ ሃምሳ ሉክ ወስዳ፣ እስከዚያ ቀን በጭንቅላቷ ተሸክማው የኖረችውን ሁሉ ታራግፍበት ጀመር፦ ማን፣ ለምን ጉዳይ፣ ምን ይዞ እንደ መጣ።

«ወፍጮ ቤት፤ ስወልድ፤ አንድ ቅል ቅቤ።» «ሻምበሉ፤ የባሌ ለቅሶ፤ አንድ መሶብ እንጀራና 10 ብር።» «ባለሱቁ፤ ክርስትና፤ ስድስት ብርጭቆ፣ አንዱ የተሰነጠቀ።» ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ለእሷ አንድ ናቸው፤ ባለሱቁ ግን የተሰነጠቀች ብርጭቆ ማምጣቱ አልቀረላትም። ሰው በስሙ የተጻፈበት ገጽ የለም፤ ሁሉም በሥራው ወይም በቤቱ ነው። በስተቀኝ በኩል ጠባብ መስመር አስምራለች፤ የተመለሰው ብድር እዚያ ላይ ትንሽ መስቀል ይደረግበታል።

ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ። ስጦታ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ተሰልቶ ምኑን ስጦታ ሆነ ይሉኛል። እኔ በበኩሌ ስስት መስሎኝ አያውቅም። ባሏ ሞቶባት አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ ሰርጉም ለቅሶውም ክርስትናውም በየሳምንቱ በሚመላለስበት ሰፈር ውስጥ ባዶ እጇን መሄድ አትችልም፤ ከአቅሟ በላይ ይዛ ብትሄድም የልጆቿን ጉሮሮ ዘጋች። ስንት ይበቃል የሚለው ጥያቄ ለእሷ የፍቅር ጥያቄ አልነበረም፤ የወሩ መጨረሻ ጥያቄ ነበር። ደብተሩ መልሱን ይነግራታል።

መልሱ ደግሞ ቀጥታ አልነበረም። አሥር ብር ያመጣ አሥር ብር አይመለስለትም። «እኩል ከመለስሽለት ሂሳባችንን ዘጋን፣ ከእንግዲህ አንተዋወቅ ማለትሽ ነው» ትል ነበር። ትንሽ ይጨመርበታል፤ ስሙኒም ቢሆን፣ አንድ ሳህን ሽሮም ቢሆን። ያኔ ተራው ወደዚያኛው ቤት ያልፋል፤ እነሱም በጊዜያቸው ትንሽ ጨምረው ይመልሳሉ። ሁልጊዜ አንዱ ወገን ትንሽ ባለዕዳ እንደሆነ ይኖራል፤ ሰው ከሰው ጋር የሚተሳሰረው በዚያች በቀረችው ጫፍ ነው። ግን «ትንሽ» ማለት ትንሽ ነው። እጥፍ አድርጎ የመለሰ ሰው በእሷ ዘንድ ቸር አይባልም፤ ሰውን ያስጨነቀ ነው።

በ1980 ዓ.ም. መምህርት ሆኜ ስቀጠር የዲፕሎማ መነሻ ደመወዝ 347 ብር ነበር። የመጀመሪያ ደመወዝ ለወላጅ ነውና ፖስታውን እንደ ታሸገ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። መረቀችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን አወጣች። ለአያቴ ነጠላ ተባለ። ለንስሐ አባታችን ቡና። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለዓመታት ላሰፋችልኝ አክስቴ እኔ ቆንጆ ጫማ አስቤላት ነበር፤ ፒያሳ መስኮት ላይ አይቼው፣ ተረከዙ አጠር ያለ፣ ቡኒ።

«ሻሽ ይበቃታል» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ይቺ ሴት እኮ አልብሳኛለች!»

«ለዚያ ነው ሻሽ የሚበቃት። ጫማ ያደረግሽላት እንደሆነ፣ አንቺ ስታገቢ ምን ይዛ ትምጣ? ከየት አምጥታ?»

አክስቴ ያን ሻሽ ለብዙ ዓመት እሑድ እሑድ ታስረው ነበር። ሰው በጠየቃት ቁጥር «ከልጄ የመጀመሪያ ደመወዝ» ትላለች። ጫማው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ትል ነበር ወይ? ምናልባት። ጫማ ግን ያልቃል፣ ደግሞም የአክስቴ እግር ሰፊ ነበር።

የዚያን ዘመን ስጦታ በብር ብቻ መመዘን እንደማይቻል ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግረኛል። ስኳርን ውሰዱ። ከቀበሌው ሕብረት ሱቅ በኩፖን ነው የሚወጣው፣ ለየቤተሰቡ በልክ፤ ዋጋው የሚያስጨንቅ አልነበረም፣ የሚያስጨንቀው ወር አለመድረሱ ነበር። ሲያልቅ ከረሜላ አፋችን ውስጥ ይዘን ነው ሻይ የምንጠጣው፤ አንዷን ከረሜላ ለሁለት ብርጭቆ ማዳረስ የቻለ ልጅ ሰፈር ውስጥ ይከበራል። ታዲያ አንዲት ጎረቤት ለአራስ ጥየቃ ስትመጣ ከነጠላዋ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ኪሎ ስኳር ብታወጣ፣ ያ የልጆቿ የወር ሻይ ነው። ደብተሩ ላይ የስኳር መስመሮች ከገንዘቡ ጠቆር ብለው የተጻፉ ናቸው፤ እስክሪብቶውን ጫን አድርጋ ነው የጻፈቻቸው። አንድ ኪሎ ስኳር በብር ተተምኖ ሲመለስ አላየሁም። ስኳር በስኳር ነው የሚመለሰው፣ ያውም ያቺኛዋ ቤት በጠፋበት ወር።

ደብተሩ ዝም ያለበትም ነገር ነበር።

ጓሯችን የሚገናኝ ጎረቤታችንን ልጆቹ ሁሉ እትዬ እንላቸው ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. መግቢያ፣ ታላቅ ወንድሜ የሚፈለግ ሆነ። እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፈው ጓዳቸው አስገቡት፤ በግድግዳውና በበርበሬ ማዳበሪያዎች መካከል አንድ ሰው ቆሞ የሚያድርባት ቦታ አበጁለት። አብዮት ጥበቃዎች ለፍተሻ የገቡ ሌሊት ማስነጠሱን ለመያዝ የነጠላ ጫፍ አፍንጫው ውስጥ ወትፎ እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። እትዬ ፈታሾቹን «ኑ ግቡ፣ በርበሬውንም አብራችሁ ቀንጥሱልኝ» ብለዋቸዋል ይባላል። ወንድሜ ከዚያ ወጥቶ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገባ። እናቴ ደብተር ስትጀምር ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኋት። የእትዬ ገጽ ላይ ያለው ቅቤ፣ ንፍሮ፣ የተውሶ ድስት ነው።

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰው በ1986 ዓ.ም. ነው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ መጣ። ለእያንዳንዱ አክስት ተመሳሳይ ሳሙናና ተመሳሳይ ሽቶ አምጥቷል፤ ይህን ያደረገው ብልህ ሰው መክሮት መሆን አለበት፣ አንዷ ሰማያዊ ጠርሙስ ሌላዋ አረንጓዴ ብታገኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እንሰማው ነበር። ለእትዬ ግን ለብቻው፣ ቀይ ከፋይ በለበሰች ሳጥን የወርቅ አምባር አመጣ። ስንት እንዳወጣበት ሳንጠይቀው ነገረን።

እትዬ ሳጥኗን ከፈቷት፣ ዘጓት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ» አሉ። ቡናቸውን ጠጡና ሄዱ።

በማግስቱ ለቡና አልመጡም። ታናሽ እህቴ በአጥሩ በኩል ብትጠራቸው «ራሴን አሞኛል በያት» አሏት። በሳልስቱም ራሳቸው ነው። ሳምንት ሲደግም እናቴ እኔን አስከትላ ሄደች። እትዬ ደጃፋቸው ላይ እህል ይለቅሙ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩን።

«ልጅሽ የነፍሱን ዋጋ ይዞልኝ መጣ» አሉ ሰፌዱን እያንገዋለሉ። «እኔ መቼ ሸጥኩለት?»

እናቴ መልስ አልሰጠችም። እሷም እህሉን አብራ ለቀመች። ስለ አምባሩ አንድ ቃል ሳይነሳ ሌላ ሌላ አውርተው ተነሳን። በማግስቱ ግን ማዳበሪያ ሙሉ ጥጥ ተሸክማ በጓሮ በኩል ገባች። «እጄን ቁርጥማት ይዞኛል፣ እንዝርት አልይዝ አለኝ፤ ለልጁ ጋቢ ማሠሪያ ማግ ማን ይፍተልልኝ?» አለቻቸው። እጇ ምንም አልሆነም፤ ያን ዕለት ጠዋት የአንሶላ ክምር አጥባለች። እትዬም ይህን በአጥሩ በኩል አይተዋል። ግን ጥጡን ተቀበሉ። ፍሬውን በመዳመጫ ለዩ፣ በደጋን ነደፉ፣ ፈተሉ። ልቃቂቶቹን በቁና ሞልተው ይዘው የመጡ ቀን ቡና ተፈላ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀሩም።

ወንድሜ ጋቢው ሳይደርስ ተመለሰ። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ሠርቶት በሰው እጅ ተላከለት። ዋሽንግተን ደርሶ ሲደውል እትዬን ስልኩ ላይ አቀረብናቸው፤ «ሞቀህ?» ብቻ ነው ያሉት፣ ደጋግመው። አምባሩን ደግሞ በዓመቱ ጥምቀት ላይ አድርገውት አየኋቸው።

እናቴ ያደረገችውን ያኔ ብልሃት ብቻ አድርጌ ነው ያየሁት። ዛሬ ሳስበው፣ አምባሩ ውድ ስለነበር አልነበረም እትዬ የተቀየሙት። መመለሻ ስላልነበረው ነው። ወንድሜ ያወጣው ገንዘብ ለእሱ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ይሆናል፤ ለእሳቸው ዕድሜያቸውን በርበሬ ቢቀነጥሱ አይሞላም። የሚመልሱት ሲያጡ ያላቸው መንገድ መራቅ ነበር። ብዙ ከውጭ የሚመጣ ሰው ወዳጆቹ ከሄደ በኋላ ለምን እንደሚቀዘቅዙበት ግራ ሲገባው አይቻለሁ። ሻንጣው ውስጥ ያለውን ዘርዝሮ ቢነግረኝ ምክንያቱን እገምታለሁ።

በዚህ ላይ ዶላሩ አለ። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር በባንክ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። መስከረም 1985 ላይ 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ገበያው ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እንግዲህ አንድ ሰው ከውጭ በየጊዜው 20 ዶላር ለአክስቱ ይሰጣል እንበል። መጀመሪያ 41 ብር ነው፣ ቀጥሎ 100፣ ቀጥሎ ከ1 ሺህ በላይ፣ ዛሬ ከ2 ሺህ በላይ። ሰጪው ያው 20 ዶላር ነው የሰጠው፤ እጁ ላይ ምንም አልተለወጠም። አክስት ዘንድ ግን ስጦታው በየጊዜው ሌላ ነገር እየሆነ ነው። ዕቃውም እየናረ ስለሆነ ያን ያህል አትጠቀምበትም፤ የቁጥሩ ሸክም ግን ይሰማታል፤ «2 ሺህ ብር ሰጠኝ» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ለመንገዱ የምታዘጋጅለት በሶና ሽሮ ደግሞ ያው በሶና ሽሮ ነው። እነዚያ ሁለት ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣዎች ሲመጡ በሳሙናና በቫይታሚን፣ ሲመለሱ በበርበሬና በድርቆሽ የሚሞሉት ለዚህ ይመስለኛል። ቦሌ ሚዛኑ ላይ ኪሎ በልጦ ወለሉ ላይ ሻንጣ ሲፈታ፣ ሰው ጫማውንና ልብሱን ለሸኚው ይሰጣል እንጂ ሽሮውን አይቀንስም።

የገንዘብ መርከስ ነገር እናቴንም ሳያሳስባት አልቀረም፣ ያውም ከእኛ ሁሉ ቀድሞ። በ1985 ብሩ ሲወርድ አሮጌ ገጾቿን ገልጣ ከእያንዳንዱ የገንዘብ መስመር ጎን አንድ ነገር ስትጨምር አየኋት። የሻምበሉ «10 ብር» ጎን «ሁለት ዶሮ» ተብሎ ተጻፈ። የሌላው «5 ብር» ጎን «አንድ ዶሮ»። የማን እንደሆነ የማላስታውሰው 30 ብር «በግ፣ መካከለኛ»። ለቅሶው በነበረበት ዓመት ያ ገንዘብ ምን ይገዛ እንደነበር እያስታወሰች ነው። «ብር ውሸታም ነው» አለችኝ። «ዶሮ ግን ያው ዶሮ ናት።» ባንክ ቤት የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ስቆ፣ በኋላ ዝም አለ።

አሜሪካኖች በገና ስጦታ ላይ የሠሩት አንድ ጥናት አለ፤ እናቴ በሕይወት ኖራ ብነግራት ደስ ባለኝ። ጆኤል ዋልድፎገል የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። የዬል ተማሪዎቹን፣ የተሰጣችሁን ዕቃ ራሳችሁ ብትገዙት ኖሮ ስንት ትከፍሉበት ነበር ብሎ ጠየቃቸው፤ የሰጪውን ፍቅር ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ ዕቃውን ብቻ ገምቱ አላቸው። ግምታቸው ሰጪው ካወጣው ዋጋ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ብዙ የሚባክነው ከሩቅ ዘመድ የሚመጣው ነው፤ አያቶችና አክስቶችም ይህን የሚያውቁ ይመስል ጥሬ ገንዘብ መስጠት ያዘወትራሉ። ሂሳቡ ትክክል ነው ብዬ እቀበላለሁ። ግን ፍቅሩን ወደ ጎን አድርጉ ካሉ በኋላ ምን ቀረ? ከፋይ የለበሰች ሳጥን። ምሁሩ የሰጪንና የተቀባይን ኪስ ለክቷል፤ በማግስቱ ማን ለቡና እንደቀረ ግን መጠይቁ ላይ የለም።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ቀሏል፣ ደግሞ ከብዷል። ሰርግ ላይ ፖስታ ይሰጣል፤ መምጣት ያልቻለ በቴሌብር ይልካል፣ ስልኩም ከነሰዓቱ ይመዘግበዋል። ከእናቴ ደብተር የተሻለ መዝገብ ነው፣ ብርጭቆው የተሰነጠቀ መሆኑን ባያውቅም። አራስ ጥየቃ የጭማቂ ካርቶን፣ ለቅሶ የታሸገ ውሃ እስክሪብቶ ሳይነሳ በልማድ ተቆርጦለታል። እንቁጣጣሽ ላይ አበባየሁሽ የሚሉ የሰፈር ልጆች ድሮ ሳንቲም ሲያገኙ ይፈነድቁ ነበር፤ አሁን ባለ አሥሯን ብር ሳወጣ መሪዋ ልጅ ጓደኞቿን ዞር ብላ ታያለች። አልፈርድባቸውም። በአሥር ብር ምን ይገዛል?

ሻምበሉ ከሞቱ ቆይተዋል። አምና የልጅ ልጃቸው ሰርግ ሆነና ተጠራሁ። የእናቴ ብድር አልተመለሰም ነበር፤ ያ ቤት ለረጅም ጊዜ ሐረር ስለኖረ አጋጣሚው አልተገኘም። በዓል ሲደርስ አንዲት ዶሮ ከ1 ሺህ ብር በላይ በምትጠራበት ገበያ ሁለቱን አሰብኩ፣ የእንጀራውን መሶብ አከልኩ፣ ትንሿን ጭማሪ አደረግኩ፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። የሙሽራው እናት ከማን እንደሆነ ገብቷቸው እንደሁ አላውቅም። እኔ መስቀሏን አድርጌያለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ወንድሜ ከዋሽንግተን ደወለ።

«ሁለት ሺህ ዶላር ልልክላት አስቤያለሁ» አለኝ። «መልሱ ላይ በማይክ ይነበብ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ታናሻችንስ ምን እንደሚሰጣት ጠይቀሃል?»

ታናሽ ወንድማችን ጡረታ ሊወጣ የደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አልጠየቀም። በግና የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እንደሆነ ነገርኩት። ስሙ ከዚያ ሁለት ሺህ ዶላር በታች ሲነበብ የት ይግባ አልኩት፣ ሚስቱና ልጆቹም እዚያው ተቀምጠው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እንግዲያው ስንት ልስጥ?»

«በግ፣ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ላይ አንድ ነገር። ምንጣፍ ይሁን።»

«ቀሪውስ? አውጥቼዋለሁ እኮ።»

«እኔ ላስቀምጠው። በአንድ ቀን ሁሉን ጨርሰህ ለአራስነቷ ምን ልትልክ ነው? ለክርስትናውስ?»

አልተዋጠለትም፤ ገንዘቡ እስከዚያ ይረክሳል፣ በዶላር ካልተቀመጠ አለ። እሱም እውነቱን ነው፤ በዶላር ተቀመጠ። በጉን ከአዲሱ ገበያ እኔው ገዛሁለት፣ ከታናሻችን በግ ትንሽ አነስ ያለ። መልሱ ላይ የሁለቱ ወንድሞች ስጦታ ተከታትሎ ተነበበ፣ እልልታውም እኩል ነበር። ሙሽራዋ አሁን አራተኛ ወሯ ነው።